ማንጠግቦሽ፦ የጥጋብ ስም ነው ወይስ የፍቅር?

ጥያቄው የመጣው ባሕር ዳር ከምትኖር አንዲት እናት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ሴት ልጅ ወልጄ ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ደብረ ማርቆስ ያለችው እናቴ ማንጠግቦሽ ብላ ስም አወጣችላት። እኔ ወድጄዋለሁ። ባለቤቴ ግን ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነውና ‹ከጥጋብ የመጣ ስም ነው፣ የገጠር ነው፣ ትምህርት ቤት ይስቁባታል› ይላል። እሱ ሶልያና እንድትባል ነው የሚፈልገው። ትርጉሙ በትክክል ምንድን ነው? መነሻው ከየት ነው? የጎጃም ብቻ ነው ወይስ ሌላ ቦታም አለ? ዛሬስ የሚያወጣው ሰው አለ?»

እህቴ፣ በቅድሚያ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ የጎጃም የሰው ስሞች ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሠራሁባቸው ጉዳይ ናቸው። መልሴ ትንሽ ይረዝማል። ባለቤትሽም አብሮሽ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ከጥጋቡ ልጀምር፣ ክርክራችሁ ያለው እዚያ ላይ ነው። ስሙ የመጣው «ጠገበ» ከሚለው ግስ መሆኑ እውነት ነው፣ ይሄ አያከራክርም። አማርኛ ውስጥ ደግሞ ጥጋብ ሁለት ፊት አለው። ሆድ ሲሞላም ጥጋብ ነው፣ ሰው ልቡ ሲያብጥም ጥጋብ ነው። «ጥጋበኛ» ስንል ስለ እንጀራ እያወራን አይደለም። እናም የባለቤትሽ ጆሮ ሁለተኛውን ቢሰማ አይፈረድበትም። ግን አንድ ነገር እንጠይቅ፤ እዚህ ስም ውስጥ የጠገበው ማን ነው? ስሙን ቀስ ብላችሁ ነጣጥላችሁ በሉት። ማን፣ ጠግቦ፣ ሽ። ጠጋቢው «ማን» የተባለው ነው። ልጅቷ ያለችው መጨረሻ ላይ፣ «ሽ» ላይ ነው። እሷ አልጠገበችም፣ አላበጠችም፣ ማንንም አልናቀችም። እሷ የማትጠገበዋ ናት። ስለዚህ ከጥጋበኛነት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ደግሞ እዚህ ላይ መጥገብ የምግብ አይደለም፣ የሰው ነው። ሰውን መጥገብ በአማርኛ ከባድ ቃል ነው። አንድ ልጅ አባቱ ቀድሞት ከሞተ «አባቱን ሳይጠግብ አደገ» እንላለን። እንግዳ መጥቶ ቶሎ ሲሄድ «ምነው፣ ሳንጠግብህ?» ይባላል። ለቅሶ ቤት ደግሞ አልቃሿ «ሳልጠግብሽ» ስትል ቤቱ ሁሉ ያነባል፣ ከዚያ በላይ ምንም ማስረዳት አያስፈልጋትም። ሰውን መጥገብ ማለት አጠገቡ ሆኖ፣ ዓይን ዓይኑን አይቶ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ «በቃኝ» እስኪሉ አብሮ መኖር ነው። እንግዲህ ማንጠግቦሽ «አንቺን እንዲህ አይቶ በቃኝ የሚል ማን አለ?» ማለት ነው።

አሁን ስሙን እኔ የምወድበትን ምክንያት ልንገርሽ። ይሄ ስም ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ነው። «ጠግቦ» በሰዋስው ቦዝ አንቀጽ ይባላል፣ እንደ «በልቶ»፣ እንደ «መጥቶ»። ቦዝ አንቀጽ ብቻውን አይቆምም፤ ማሰሪያ አንቀጽ ይፈልጋል። «በልቶ» ካልሽ ሰው «እሺ፣ በልቶ ምን ሆነ?» ይልሻል። «ማን ጠግቦሽ» ካልሽም ገና ይቀራል። ማን ጠግቦሽ ይሄዳል? ማን ጠግቦሽ ፊቱን ያዞራል? ማን ጠግቦሽ ይተውሻል? ስሙ ይሄን አይናገርም። ማሰሪያውን ትቶ ይቆማል፣ ቀሪውን ሰሚው በልቡ ይሞላዋል። እናትሽ ቦዝ አንቀጽ የሚባለውን ነገር በትምህርት ላያውቁት ይችላሉ፣ ቋንቋውን ግን እንዲህ አድርገው ነው የያዙት።

ይሄ አሠራር የዚህ ስም ብቻ አይደለም። ወንዶቹን እዩዋቸው። ማንደፍሮ አለ፣ ማን ደፍሮ ይነካዋል ነው። ማንችሎት አለ። አንዳንድ ሰው ችሎት ሲባል የፍርድ ቤቱ ይመስለዋል፣ አይደለም። ማን ችሎት፣ ማለትም እሱን ማን ችሎ ይቋቋመዋል ነው። ሦስቱም በአንድ ሰዋስው የተሠሩ ናቸው፦ «ማን» መጀመሪያ፣ ቦዝ አንቀጽ ቀጥሎ፣ ማሰሪያ የለም። ልዩነቱ ምኞቱ ላይ ነው። ለወንዱ የተመኙለት መፈራትን ነው፣ ለሴቷ መወደድን። (ለሴት ልጅም ድፍረትና ብልጫ ቢመኙላት እወዳለሁ፣ እንዲህ ያሉም ስሞች አሉን፦ ማንያህልሻል አለ፣ ላቀች አለ።) ሌላም ልዩነት አለ። ማንችሎት ስለ ልጁ ነው የሚያወራው፣ «እሱን» ይላል። ማንጠግቦሽ ግን ልጅቷን ራሷን ነው የሚያናግራት። አንቺ ይላታል። ስሟ በተጠራ ቁጥር አንድ ሰው ለእሷ የሚነግራት ነገር አለ ማለት ነው። እርግጥ ለወንድም «ህ» እያሉ የሚያናግሩ ስሞች አሉ፣ ማንአለብህ አንዱ ነው፣ ስለዚህ ሕግ አድርጋችሁ አትያዙት።

እንዲህ ልጅቷን በቀጥታ የሚያናግሩ ስሞች ጎጃም ውስጥ ብዙ ናቸው። ባንቻየሁ በጣም የምወደው ነው። እኛ አገር «አንቺ» ከማለት «አንች» ማለት ይቀናናል፣ እና «ባንች አየሁ» ተጋጥሞ ባንቻየሁ ሆነ። ባንች ምክንያት ደግ ነገር አየሁ፣ ዓለም አየሁ ነው። «ነሽ» ያለባቸውማ ተቆጥረው አያልቁም፦ ወርቅነሽ፣ ብርነሽ፣ ውድነሽ፣ እናትነሽ፣ ዓለምነሽ። አትጠገብ ደግሞ የማንጠግቦሽ ታላቅ እህት በያት። ከዚያው ግስ የወጣች ናት፣ «አትጠገብም» ከሚለው «ም»ን ጥለው የሠሯት። ግን አትጠገብ ስለ ልጅቷ ለሌላ ሰው ይናገራል፣ ነገሩንም ይዘጋዋል። ማንጠግቦሽ ይጠይቃል፣ ክፍት ይተወዋል። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጣል።

ወደ መነሻው ልምጣ። ስሙ ንጹህ አማርኛ ነው፣ ሥሩ ግን ግእዝ ውስጥም አለ። ግእዙ «ጸግበ» ይላል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጽድቅን ስለሚራቡና ስለሚጠሙ ሲናገር «እስመ እሙንቱ ይጸግቡ» የሚለው ይሄው ግስ ነው፣ ይጠግባሉና ማለት ነው። ትግርኛም እስከ ዛሬ «ጸገበ» ነው የሚለው። አማርኛ «ጸ»ን ወደ «ጠ» የመለወጥ ልማድ አለው። ገጠር ወጣ ካልሽ ዛሬም «ጦም ገባ»፣ «ጠሎት አድርሼ»፣ «ጠጉሬን ልሠራ» ሲባል ትሰሚያለሽ፣ መጽሐፉ ላይ ጾም፣ ጸሎት፣ ጸጉር ተብሎ የተጻፈው ማለት ነው። ጸግበም በዚያው መንገድ ጠገበ ሆነ።

ሥሩ የጋራ ቢሆንም ስሙ ራሱ ከግእዝ ሊመጣ አይችልም። በግእዝ «ማን» «መኑ» ነው፤ «አንቺን» ለማለት ግሱ ላይ የሚለጠፈው ደግሞ «ኪ» ነው እንጂ «ሽ» አይደለም። ስለዚህ ማንጠግቦሽን ቄስ ከመጽሐፍ አላወጣውም። የቤት ስም ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ወገቧን የደገፈች፣ ገንፎ ያገነፋች፣ ሕፃኗን ተቀብላ ያቀፈች ሴት ከአፏ ያወጣችው ስም ነው። ባለቤትሽ «የገጠር» ያለው ይሄንን ከሆነ፣ አዎ፣ ከቤት የወጣ ነው። ግን ከቤት መውጣቱ ዝቅተኛ አያደርገውም።

እዚህ ጋ የሁለቱን ስሞች ነገር ካላነሳሁ መልሴ ጎደሎ ይሆናል። በኦርቶዶክስ ቤት ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ስም ታገኛለች። እሱ የግእዝ ነው። ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል፣ አመተ ሥላሴ፣ ፍቅርተ ማርያም። ወለተ ማለት ልጅ፣ ሴት ልጅ ማለት ነው፤ አመተ ደግሞ አገልጋይ። በዚህ ስም ትቆርባለች፣ በዚህ ስም ጸሎት ይደረግላታል፣ ስታልፍም ፍትሐት የሚደርሰው በዚሁ ነው። ብዙ የጎጃም ቤተሰብ ይሄንን ስም እንደዋዛ በአደባባይ አይጠራውም፣ ክፉ ሰው ለመተት ይጠቀምበታል ብለው የሚሰጉ አሉ። የዕለት መጠሪያው የቤቱ ስም ነው። አያችሁ፣ ድሮ ሥራው ተከፋፍሎ ነበር። መንፈሳዊውን ነገር የክርስትና ስም ይሸከመዋል፣ የቤቱ ስም ነጻ ነው፤ ፍቅር ይነገርበታል፣ ኀዘን ይወጣበታል፣ ጎረቤትም በነገር ይሸነቆጥበታል።

ዛሬ የተቀላቀለው ይሄ ነው ብዬ አስባለሁ። ሶልያና እመቤታችን ከምትጠራባቸው ስሞች አንዱ ነው ብለው ብዙ ወላጆች ያወጡታል። መልካም ነው፣ እኔም ስሙን አልጠላውም። ግን ልጃችሁ በሰማንያ ቀኗ የቤተ ክርስቲያን ስም ማግኘቷ አይቀርም። ከዚያ የቤት ስሟም ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን የሚሸት ከሆነ፣ አያቷ ያሏትን ነገር የሚይዝላት ስም የት ይሆናል?

«የገጠር ነው» የሚለውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፣ ታሪኩ አይደግፈውምና። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ ከልጇ ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር የነገሠችውን እቴጌ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ ነው። የንግሥና ስሟ ብርሃን ሞገሳ። ታሪክ ግን በሁለቱም አይጠራትም፣ ምንትዋብ ነው የሚላት። ምን ትዋብ! እንዴት ታምራለች! ይሄ እንደ ማንጠግቦሽ በጥያቄ ቃል የሚጀምር፣ አንዲት ሕፃን ያየ ሰው አግራሞቱን የተናገረበት የአማርኛ የቤት ስም ነው። የተወለደችው ቋራ ነው። ባሕር ዳር ስለሆናችሁ አንድ ቀን በጀልባ ደቅ ደሴት ሄዳችሁ ናርጋ ሥላሴን እዩ። ያሠራችው እሷ ናት፣ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍታ የምትታየውም እሷ ናት። ወደ እኛ ስንመጣ ደግሞ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ባለቤት ላቀች ትባል ነበር። በለጠች ማለት ነው፣ የእለት ተእለት አማርኛ። እነዚህ ስሞች ቤተ መንግሥት ገብተው አላፈሩም።

ታዲያ «የገጠር» የሚለው ማኅተም ከየት መጣ? በኔ ግምት የመጣው ከከተማ ነው። ከተሜው ራሱን ከገጠሩ ለመለየት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጥለው ስሙን ነው፣ ቀጥሎ አነጋገሩን። ቀልድ ላይ፣ ድራማ ላይ የቤት ሠራተኛ ወይም ከገጠር የመጣች ዘመድ ስትፈለግ እንዲህ ያለ ስም ነው የሚሰጣት። ሕዝቡ እየደጋገመ ሲሰማው ስሙ ራሱ የሚያስቅ ይመስለዋል። የሚያስቀው ስሙ አይደለም፣ በስሙ ላይ የተለጠፈው የኑሮ ደረጃ ነው። ይሄ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች ስማቸውን ሲጠየቁ አንገታቸውን ደፍተው አሳጥረው ሲናገሩ አያለሁ።

የጎጃም ብቻ ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ጎንደርም፣ ወሎም፣ ሰሜን ሸዋም አለ። አማርኛ በሚነገርበት ሁሉ ብታገኚው አይግረምሽ፣ እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ አውኚ የሚናገረው ወገናችንም በአማርኛ ስም ልጆቹን ይጠራል። ጎጃሜነቱ በስም ብቻ የሚታወቀው እንደ ሙሉጎጃም ያለው ነው፣ አባይነሽም ወንዙን የሚያስታውስ ነው። ቢሆንም ማንጠግቦሽ ጎጃም ላይ ደንብ አድርጎ የተቀመጠ ስም ነው። ለዚህ እኔ የማየው ምክንያት የቅኔው ነገር ነው። እንደ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ያሉ የቅኔ ትምህርት ቤቶች ባሉበት አገር ሰው ቃልን እንደተነገረ አይውጠውም፣ ገልብጦ ያየዋል። ስም ሲወጣም ከአባት ስም ጋር እንዴት እንደሚገጥም ይደመጣል። የልጅቷ አባት መለሰ የሚባል ቢሆን «ማንጠግቦሽ መለሰ» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሆናል፣ ማን ጠግቦሽ መለሰ፣ የጎደለው ማሰሪያ በአባቷ ስም ሞላ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ግጥምጥም ሲገኝ ሽማግሌዎቹ የሚደሰቱትን ደስታ ብታዪ! የባለቤትሽን ስም አልነገርሽኝም፣ ግን አጋጥማችሁ ሞክሩት።

አንድ ሌላ የኛ አገር ነገር። ሴት ልጅ ስም የምታገኘው ስትወለድ ብቻ አይደለም፣ አግብታ ባሏ ቤት ስትገባም አማቷ የሙገሳ ስም ታወጣላታለች። ስለዚህ የቤተሰባችሁን ስሞች ወደ ኋላ ለመቁጠር ከፈለግሽ፣ የአያትሽ መጠሪያ ከአባቷ ቤት የመጣ ይሁን ከአማቷ ጠይቂ። ሁለቱ ሌላ ሌላ ታሪክ ነው የሚነግሩሽ።

አሁን ስለ ዘመኑ። ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ዛሬ ብታጋጥምሽ፣ ብዙ ጊዜ እናት ወይም አያት ናት። ሕፃን ማንጠግቦሽ በከተማ ብርቅ ሆናለች። ስም ከትውልድ ጋር ይሄዳል። ከ1966 በኋላ ባለው ጊዜ አብዮትና ነፃነት የተባሉ ልጆች ተወለዱ። ከዚያ ትዕግስት፣ ሕይወት፣ ሰላም፣ ቤቴልሔም በየክፍሉ ሞሉ። አሁን ደግሞ አርሴማ፣ ሶልያና፣ ሀሴት፣ ኤልዳና፣ ማርሲላስ ናቸው። የተለወጠው የስሙ ዓይነት ብቻ አይደለም፣ የሚያወጣውም ሰው ነው። ድሮ አያት ናት፣ ጎረቤት ናት፣ ከወሊዱ በኋላ አይታ ነው የምታወጣው። አሁን ወላጆች ገና በእርግዝናው ስልካቸው ላይ ፈልገው ጨርሰው ይጠብቃሉ። ልጅ ሳይታይ የተመረጠ ስም ደግሞ «ምን ትዋብ» ወይም «ማን ጠግቦሽ» ሊል አይችልም፣ እነዚህ ስሞች ያዩ ሰዎች ንግግር ናቸው። ዓረፍተ ነገር የሆኑ ስሞች የተመናመኑበት ትልቁ ምክንያት ለእኔ ይሄ ነው። ፈጽሞ አልጠፉም፣ ገጠሩ አሁንም ያወጣል፣ ከተማም ውስጥ የአያታቸውን ስም ለልጃቸው የሚሰጡ ወጣት ወላጆች አሉ።

«ይስቁባታል» የሚለው ፍርሃት የአባት ፍርሃት ነው፣ አልነቅፈውም። ልጆች ግን በማንኛውም ስም ይስቃሉ፣ አጭሩንም ረጅሙንም ያጣምማሉ። ልጅን የሚጎዳት ሳቁ ብቻ አይደለም፣ ስሟ ምን እንደሆነ ሳታውቅ መሳቃቸው ነው። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ «አያቴ አይታኝ ስላልጠገበችኝ ነው» ማለት ከቻለች የሳቁ ጉልበት ያልቃል። ይሄንን ገና በትንሽነቷ አስተምሯት። ለመጥራት ረዘመ ካላችሁ ማንጤ በሏት፣ ስታድግ ራሷን ማኒ ትል ይሆናል፣ ይሄ የሷ ጉዳይ ነው። ደግሞ ለባለቤትሽ ይሄን ጠቁሚልኝ፤ አሁን ከተወደዱት ስሞች አንዱን ካወጣ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ሶልያናዎች ሊገኙ ይችላሉ፣ መምህሯ በአባት ስም ለይታ ነው የምትጠራቸው። ማንጠግቦሽ ስትባል ግን ዞር የምትለው እሷ ብቻ ትሆናለች።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። ደብረ ማርቆስ ደውይ። እናትሽን «ለምን ማንጠግቦሽ አልሽ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። እኔ የነገርኩሽ የቃሉን ፍቺ ነው፣ የዚህች ልጅ ስም ትርጉም ግን እሳቸው ጋ ነው ያለው። ምናልባት ልጅሽን ስትወልጂ መጥተው አርሰውሽ ነበር፣ ጊዜያቸው አልቆ ሳይጠግቧት ተመለሱ። ምናልባት እሳቸው ራሳቸው ድሮ አንዲት ልጅ ወይም እህት ቀብረው ነበር፣ አንቺ የማታውቂያት፣ ያልጠገቧት። እንዲህ ዓይነት ስም ከኀዘን በኋላ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ምትኬ፣ ካሳነሽ፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች ኀዘኑን ፊት ለፊት ይናገራሉ፤ ማንጠግቦሽ ደግሞ ሸፍኖ ሊይዘው ይችላል። ወይም ምንም ታሪክ የለውም፣ አይተዋት ልባቸው ስለፈሰሰ ብቻ ነው። የሚነግሩሽን በድምፅ ቅጂው፣ ጻፊው፣ ቀኑንም አስቀምጪ። ባለቤትሽም እዚያው ተቀምጦ ይስማ። ሰው የስሙን ምክንያት ከአውጪው አፍ ሲሰማ ክርክሩ መልኩን ይለውጣል፣ ይሄን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ምክሬን በቀጥታ ንገረኝ ካልሽኝ፣ ማንጠግቦሽ መዝገብ ላይ ይግባ። ባለቤትሽ ሶልያና ብሎ ቤት ውስጥ ይጥራት፣ ሁለት ስም ለጎጃም ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። ግን አንዳችሁ አንዳችሁን አሸንፋችሁ ሳይሆን ተስማምታችሁ ይሁን፣ ዳቦ ሳይቆረስ ስም አይወጣም ይባል የለ፣ ድፎ ድፉና ዘመድ ጠርታችሁ አብራችሁ አውጡት።

ጊዜውንም አስቡ። ሁለት ወር ሊሞላት ከሆነ ክርስትናዋ ሦስት ሳምንት ያህል ነው የቀረው። የልደት ምዝገባው ደግሞ በሕግ በ90 ቀን ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱ ተከታትለው ይመጣሉ፣ ክርክሩን ከዚያ በፊት ጨርሱ። ቀበሌ ስትሄዱ ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፣ በቃል ብቻ አትንገሩ። አንድ ቃል ነው፣ «ማን» እና «ጠግቦሽ» ተብሎ አይከፈልም። ከተከፈለ ነገ አንዱ ቦታ «ማን» የራሷ ስም፣ «ጠግቦሽ» የአባቷ ስም ሆኖ ይገባና መከራችሁን ታያላችሁ። በላቲን ፊደል «ጠ» እና «ተ» አንድ ዓይነት ስለሚጻፉ፣ ሌላ ሰው ከላቲኑ ወደ አማርኛ ሲመልሰው «ማንተግቦሽ» ሊያደርገው ይችላል። የላቲኑን አጻጻፍ ዛሬ አንዴ ወስኑና በልደት ምስክር ወረቀቱ፣ በክትባት ካርዱ፣ በትምህርት ቤት፣ ኋላም በፋይዳና በፓስፖርት ላይ ያው አንዱ ይሁን። ወረቀቱን ስትቀበሉ እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ ስድስቱንም ፊደል አንብቡ፤ ስህተት ካለ ሳትወጡ አሳርሙት።